ጎዶሎው ይቀመጥ

ሱቄ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
ለአቧራ የሰፋች፣ ለሁለት ሰው የማትሆን።
ሆዱን የከፈትኩት ማሽን ግድግዳውን ሞልቶታል፣
አንዱን መብረቅ መትቶት፣ አንዱን ጉንዳን ወርሶታል።
ዝናቡ ከጂሬን አናት ገና ብቅ ሲል፣
መብራቱ ቀድሞ ይጠፋል፣ ብድር ያለበት ይመስል።

እንዲያ ባለ ሐሙስ ነው፣ ሂርማታ ሲቆም ገበያ፣
አባ ሚልኪ የመጡብኝ፣ ሲሹ መጠለያ።
ኮረሪማ ሸጠው ነበር፣ ዐሥራ ሦስት ዛላ፣
አንዱ በሃያ አራት ብር፤ ነጋዴው ግን ድምሩን አለ ሌላ።
«በሳጥንህ አስላልኝ» አሉኝ። ሳጥኔ ጨልሟል፤
ስልኬም ከጠዋት ጀምሮ ባትሪው አልቋል።

ሳቁ። ከኪሳቸው አወጡ የአዌቱ ጠጠር፣
ወለሌ አፈር ነውና ጀመሩ መቆፈር፣
በጣት ጫፍ፣ ሁለት መስመር።
«ነጩ አንድ ነው፤ ጥቁሩ ዐሥር፤ ቀዩ መቶ» አሉኝ፣
እንደ ተማሪ አስቀምጠው ሕጉን ነገሩኝ፦

«ግራውን ግመሰው፤ ሽራፊውን ተወው፤
ቀኙን ግን እጠፈው፣ በራሱ ላይ ደርበው።
ዐሥራ ሦስት ስድስት ሆነ፤ ስድስት ደግሞ ሦስት፣
ሦስት አንድ። እዚህ ላይ ቁም፤ ከአንድ በታች የለም ቤት።
በቀኝ ሃያ አራት፣ አርባ ስምንት፣ ዘጠና ስድስት፣
መቶ ዘጠና ሁለት።
አሁን ግራውን እየው፤ ጥንድ ያለበት ይውጣ፣
ከነጎረቤቱ ይሂድ፣ ወደ ድምር አይምጣ።
ጎዶሎው ይቀመጥ።»

ስድስት ወጣች፤ አርባ ስምንትም አብራ ሄደች። የቀረው ሲደመር፣
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ብር።
ነጋዴው የቆረጠባቸው ዐሥራ ሁለቷን ነበር።

እኔ ግን ብሩን ረሳሁ፤ ዐይኔ ጉድጓዶቹ ላይ ቀረ።
ጎዶሎ፣ ጥንድ፣ ጎዶሎ፣ ጎዶሎ፦ አለ፣ የለም፣ አለ፣ አለ፤
ኮሌጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳው ላይ የዋለ፣
ይህችው አልነበረች? አንድና ዜሮ እየተባለ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ዘሩን እቆጥራለሁ፣
የዚህን የሞተ ሳጥን አያቶች እጠራለሁ።
ይህ ጠፍጣፋው የማን ልጅ ነው? የዚያ የሆዳሙ፣
ሁለት ወጣት ተሸክመውት ዐሥር ጊዜ የሚቆሙ።
ሆዳሙስ? የካልኩሌተር፤ ያች ፀሐይ በልታ አዳሪ፣
ለነጋዴ ሚስጥረኛ፣ ለተማሪ መካሪ።
(ታላቅና ታናሹን ብስት፣ የተማሩት ይረሙኝ።)
እሷስ? የዚያ ብረት፤ በግሪኩ መደብር አባቴ ጸሐፊ ሳለ፣
ጥርሱን እያፋጨ፣ እጀታው ሲዞር «ኪርር» እያለ፣
የሰው ሀብት ሲደምርለት የዋለ፤
የአባቴን ደመወዝ ለመቁጠር እንኳ ጣት በቂ ነበር።
ብረቱስ? በዘንግ የተሰካ ዶቃ፣ ባሕር ማዶ ያለ እጅ ያለሰለሰው፤
ዶቃውስ? ጠጠር። ጠጠሩስ? ጭረት፤ አንድ ሲራራ ነጋዴ በዱላው የቀረጸው፣
በቅሎዎቹ ጊቤን ሲሻገሩ፣ ስንት ገብታ ስንት እንደወጣች እንዳይረሳው።
ጭረቱስ? ጣት።
ከጣት ወዲያ የለኝም አባት።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ቀበሌው አዲስ መታወቂያ ሲሰጥ፣
«ማሽኑ ተበላሽቷል» ብለው ጠሩኝ፤ መጣሁ ስሮጥ።
መስታወቱ ደህና፣ ሽቦው ደህና፣ መብራቱ አረንጓዴ፣
ከፊቱ ግን አባ ሚልኪ ናቸው፣ የጠጠሩ ባለ ዘዴ።
አውራ ጣት አኖሩ፤ «አልተነበበም።» ሌባ ጣት፤ «አልተነበበም።»
መዝጋቢዋ ነጂሃ በሻሿ ጫፍ ጠረገችላቸው፤ «አልተነበበም።»
ሰማንያ ዓመት ጠጠር የቆጠረ፣ ከረጢት የቋጠረ፣
ገመድ የጎተተ፣ ቅርፊት የፈለፈለ እጅ፣
መስመሩን ለሰው አድሎ ጨርሶ፣ ልሙጥ ቀረ።

የጣት የልጅ ልጅ ልጅ፣ ያ ባለ አረንጓዴ መብራት፣
ቅድመ አያቱን ዐይቶ አላወቀውም፤
«እንደገና ይሞክሩ» አለው በትሕትና፣ በየተራ፣ ለያንዳንዱ ጣት።

«ምን ይላል?» አሉኝ።
ምን ልበል? «ጎዶሎ ነው ይላል» አልኩ።
ሳቁ፣ ያንኑ የዚያን ሐሙስ ሳቅ፣ እጃቸውን ከመስታወቱ ሳያነሱ፦
«እንግዲያ ጎዶሎው ይቀመጣላ!»

ተቀመጡም። ወረፋው በጎናቸው አለፈ።
እኔም ብሎን መፍቻዬን ወደ ኪሴ መልሼ
አጠገባቸው ተቀመጥኩ።